አሎይ ቸርኬን ከሞዞው ጋር አዋዶ መግጠም፡ ከልኬት እስከ ማጥበቅ

ሰው አሎይ ቸርኬ (ከቀላል ብረት የተሠራውን) ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ዲዛይኑን ነው፣ ቀጥሎ የቡሎን ቀዳዳውን ይቆጥራል፣ አምስት ለአምስት ከሆነ ይገባል ብሎ ይገጥመዋል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ እንደዛ ነው ያደረኩት። ያገለገሉ አራት ቸርኬዎች ገዛሁ፣ ቡሎኑ ልክክ ብሎ ገባ፣ መኪናዋ ቆማ ሳያት በጣም አማረችኝ፣ ከዛ መንገድ ወጥቼ 90 ስደርስ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን) አስደረኩ አልለቀቀም፣ ሌላ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ደግሜ አስደረኩ፣ ማሽኑ ዜሮ ዜሮ ያሳያል መኪናዋ ግን ያው ናት። በመጨረሻ የመሃሉን ካፕ ነቅዬ በባትሪ ወደ ውስጥ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ በሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት በጎማው መሃል ያለ ብረት) አንገትና በቸርኬው የመሃል ቀዳዳ መካከል ዙሪያውን የእርሳስ ውፍረት የሚያህል ክፍተት አለ፣ ያውም ታች ጠበብ ላይ ሰፋ ያለ። ቸርኬው መሃል ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው ለዚ ነው። ቸርኬ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ውበቱን ለራሳችሁ ምረጡ፣ እሱ ላይ ምንም አልልም፣ ግን ቸርኬው ሞዞው ላይ መሃሉን ይዞና ጀርባው ልጥፍ ብሎ ካልተቀመጠ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ከምትለኩት ጀምሬ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ድረስ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ከመግዛት በፊት፡ የድሮውን ቸርኬ አውርዳችሁ አንብቡ

መኪናው ላይ ያለውን አንድ ጎማ ፍቱና ቸርኬውን ገልብጡት፣ ጀርባው ላይ ወይ በክንዶቹ ውስጠኛ በኩል የተቀረጸ ቁጥር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 6.5ጄ×16 ኢቲ45 የሚል ካለ፣ 6.5 ኢንች ስፋት፣ 16 ኢንች ቁመት፣ 45 ሚሊሜትር ኦፍሴት (ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ) ማለት ነው። የቡሎን ክቡ፣ ማለትም በቡሎን ቀዳዳዎቹ መሃል የሚያልፈው ክብ ስፋት፣ አንዳንዱ ላይ አብሮ ይጻፋል አንዳንዱ ላይ የለም። ካልተጻፈ ለኩት፣ ከባድ ነገር የለውም።

ባለ 4 እና ባለ 6 ቀዳዳ ከሆነ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ትለካላችሁ በቃ። ባለ 5 ላይ ፊት ለፊት የሚተያይ ስለሌለ ሰው ግራ ይጋባል፣ ዘዴው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎችን ከመሃል እስከ መሃል ለክቶ በ1.701 ማባዛት ነው። 67.2 ካገኛችሁ 114.3 ይመጣል፣ 65.8 ካገኛችሁ ደግሞ 112። የቀዳዳውን መሃል በአይን መገመት ስለሚያሳስት ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ፣ ውጤቱ ያው ነው።

እዚህ ጋ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። 112 እና 114.3 ልዩነታቸው ሁለት ሚሊሜትር ምናምን ስለሆነ ዳዶውን ሲያጠብቁት "ይገባል'ኮ" የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አዎ ይገባል፣ ግን እያንዳንዱ ቡሎን ወደ ጎን ተጎትቶ ነው የሚገባው፣ ዳዶውም ወንበሩ (ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ቦታ) ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚቀመጠው። እንደዛ የተወጠረ ቡሎን አንድ ቀን ይበጠሳል ወይ ዳዶው ይላላል። 4 በ98 (4 ቀዳዳ፣ 98 ሚሊሜትር ክብ) እና 4 በ100ም እንደዛው ናቸው። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ አይገጠምም፣ በቃ።

የመሃል ቀዳዳ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሞዞው መሃል ላይ ወደ ውጪ የወጣች ክብ አንገት አለችው፣ የፋብሪካ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳው በዛች አንገት ልክ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ስትገጥሙት ጠቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ዳዶ ሳታስሩ እንኳ ራሱን ችሎ ይንጠለጠላል። ለገበያ የሚሠራ ቸርኬ ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሸጥ ስለሚፈለግ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፣ 73.1 ሚሊሜትር በብዛት የምታገኙት ነው።

ለምን እንደዛ እንደሚያደርጉ ቁጥሩን ስታዩ ይገባችኋል። 5 በ114.3 የሆኑ መኪናዎችን ብቻ ብንወስድ እንኳ ቶዮታ ባብዛኛው 60.1 ነው፣ ሆንዳ 64.1፣ ኒሳን 66.1፣ ሃዩንዳይ፣ ኪያና ማዝዳ 67.1። የቡሎኑ ክብ አንድ ነው፣ የመሃሉ ግን አራት ዓይነት ሆነ። ስለዚ "የሱ መኪና ላይ ምንም አላለም" የሚለው ጓደኛችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ የናንተ ሞዞ ግን ሌላ ነው።

ሁለቱንም በቨርኒየር (የሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚያሳይ መለኪያ) ለኩ፣ የሞዞውን አንገት ከውጪ፣ የቸርኬውን ቀዳዳ ከውስጥ። የሞዞውን ከመለካታችሁ በፊት ዝገቱን ጥረጉት ምክንያቱም ዝገት ብቻውን ግማሽ ሚሊሜትር ሊያሳስታችሁ ይችላል። ቸርኬውን ደግሞ ከፊት በኩል ካፕ የሚገባበትን እንዳትለኩ፣ ሞዞው የሚገባው ከጀርባ ነው፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም።

ሦስት ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እኩል ከሆኑ ተገላገላችሁ። የቸርኬው ከሰፋ ሃብ ሪንግ የሚባል ቀለበት ትገዛላችሁ፣ የውጪ ልኩ በቸርኬው፣ የውስጥ ልኩ በሞዞው ማለት ነው፣ ለምሳሌ 73.1 በ60.1። የቸርኬው ከጠበበ ግን አይገባም፣ ቶርኖ ቤት ማስፋት ይቻላል ይባላል፣ አዎ ይቻላል፣ ግን በመሃል ቀዳዳውና በቡሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ሥጋ በቂ መሆን አለበት፣ የሚቆርጠውም ሰው ቸርኬውን በትክክል መሃል ላይ ማሰር የሚችል መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ያችኑ መንቀጥቀጥ ገንዘብ ከፍላችሁ ታመጣላችሁ። እኔ ብሆን ሌላ ቸርኬ እፈልጋለሁ።

ቀለበቱ የፕላስቲክም የአሉሚኒየምም አለ። የፕላስቲኩ አይዝግም፣ ሞዞው ላይም አይጣበቅም፣ ግን ፍሬኑ በጣም የሚግል ከሆነ፣ ዳገት ቁልቁለት የሚበዛበት ወይ ጭነት ያለበት መኪና ከሆነ፣ ሊቀልጥና ሊጣመም ይችላል። የአሉሚኒየሙ ሙቀት ይችላል ግን ከብረት ሞዞ ጋር ከርሞ ይጣበቃል፣ ትንሽ ግራሶ ይፈልጋል። ለተራ የቤት መኪና ፕላስቲኩ ይበቃል።

አንድ የተሳሳተ ነገር ደግሞ ላርም። ቀለበቱ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል የሚሉ አሉ፣ እንደዛ አይደለም። ክብደቱን የሚይዘው ዳዶዎቹ ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር ሲጨምቁት የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። የቀለበቱ ሥራ ዳዶ በምታስሩባት ደቂቃ ቸርኬውን መሃል ላይ መያዝ ነው። ለዛ ነው የፕላስቲክ ቀለበት የሚሠራው፣ ለዛ ነው ደግሞ የሞዞው ፊት ንጽህና እና የማጥበቂያው ልክ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው።

ማሽኑ ለምን ዜሮ እንዳሳየኝም እዚሁ ላይ ነው መልሱ። የባላንስ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በራሱ ኮን (ሾጣጣ ብረት) መሃሉን አስይዞ ነው፣ ስለዚ እሱ ላይ ጎማው ልክ መሃሉን ይዞ ይሽከረከራል፣ ዜሮ ቢል ውሸቱን አይደለም። መኪናው ላይ ሲገጠም ግን ሞዞው አላስያዘውም። ባላንስ ተሠርቶለት የሚንቀጠቀጥ ጎማ ካላችሁ ደግማችሁ ባላንስ ከማስደረግ በፊት መሃሉን እዩ።

ኦፍሴት፣ ስፋትና ጎማ

ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚለጠፍበት ፊት ከቸርኬው የስፋት መሃል ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀንስ ወደ ውጪ ይወጣል። ስፋቱና ኦፍሴቱ አብረው ስለሚሠሩ አንዱን ብቻ ማየት ያሳስታል፣ በምሳሌ ላሳያችሁ። የድሮው 6.5 ኢንች ኢቲ45 ነው እንበል፣ አዲሱ 7.5 ኢንች ኢቲ35። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ የድሮው ስፋት 165.1፣ ግማሹ 82.55። ወደ ውጪ የሚሄደው 82.55 ሲቀነስ 45፣ 37.55 ይሆናል። አዲሱ 190.5፣ ግማሹ 95.25፣ ሲቀነስ 35፣ 60.25። ስለዚ አዲሱ ወደ ፓራፋንጎው 22.7 ሚሊሜትር ይወጣል። ወደ ውስጥ ደግሞ የቀነሳችሁትን ደምሩ፣ 127.55 እና 130.25፣ ወደ አሞርዛተሩ 2.7 ብቻ ይጠጋል። ሁለት ሴንቲ ምናምን ወደ ውጪ ማለት ቀላል አይደለም፣ ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ፓራፋንጎው ጎማውን ሊላጨው ይችላል፣ መሪውም ይከብዳል፣ የፊት ኩሽኔታ ላይም ጫናው ይጨምራል። በኔ እምነት ከፋብሪካው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ መቆየት ነው ጥሩው።

ስፔሰር (ቸርኬውና ሞዞው መካከል የሚገባ ሳህን) ጨምሬ አስተካክለዋለሁ ለምትሉ ደግሞ፣ ቀጫጭኑ ስፔሰር የሞዞውን አንገት ይበላባችኋል፣ ቸርኬውን የምትይዘው አንገት አጥራ ትቀራለች፣ ቡሎኑም በዛው ልክ ያጥራል። የራሱ አንገት የሌለው ስፔሰር አልመክርም።

ኢንች ስትጨምሩ የጎማው አጠቃላይ ቁመት እንዳይለወጥ የጎማውን ከንፈር (የጎኑን ቁመት) ታሳንሳላችሁ። 195/65 አር15 ቁመቱ 634.5 ሚሊሜትር ነው፣ 205/55 አር16 ደግሞ 631.9፣ 225/45 አር17 ላይ 634.3 ይመጣል፣ ሦስቱም ለፍጥነት መቁጠሪያው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ከንፈሩ ባጠረ ቁጥር ግን ጉድጓዱን የሚመታው ቸርኬው ራሱ ነው፣ መንገዳችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ክብደቱንም እዩ። ቸርኬው ጀርባ ላይ በኪሎ የተቀረጸ የመሸከም አቅም ይኖራል፣ የመኪናው የአንድ አክስል ከፍተኛ ክብደት ለሁለት ሲካፈል ከዛ ማነስ አለበት። ጄደብሊውኤል የሚል ምልክት የጃፓን የቀላል ብረት ቸርኬ ደረጃ ነው፣ ምንም ምልክት ምንም ቁጥር የሌለው ቸርኬ ግን ምንም ቢያምር ይቅርባችሁ። ያገለገለ ከሆነ ውስጠኛውን ከንፈር በጣታችሁ ዙሪያውን ዳብሱት፣ መታጠፍ፣ ስንጥቅና የብየዳ ጠባሳ የሚደበቀው እዛ ነው።

ሌላው የፍሬን ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል) ነው። ኢንቹ ቢበቃም የቸርኬው ክንድ ወደ ውስጥ የጎበጠ ከሆነ ካሊፐሩን ይነካል፣ ይሄ በቁጥር አይታወቅም፣ ጎማ ሳይገባበት ባዶውን ቸርኬ መኪናው ላይ ሞክሩት። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ዳዶው

ብዙ ሰው የድሮውን ዳዶ አዲሱ ቸርኬ ላይ ያስራል፣ ይሄ ከመሃል ቀዳዳው የባሰ አደገኛ ነው። የዳዶ ወንበር ሦስት ዓይነት ነው፣ እንደ ኮን ሾጠጥ ያለ፣ እንደ ኳስ የከበበ፣ እና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው። ገበያ ላይ ያሉ አሎዮች በብዛት 60 ዲግሪ የሾጠጠ ነው የሚፈልጉት። የሆንዳ ፋብሪካ ዳዶ ክብ ነው፣ ቮልስዋገንም ክብ ነው፣ ቶዮታ ፋብሪካ አሎዮቹ ላይ ብዙ ጊዜ ባለ ሮንዴላ ይጠቀማል። ባለ ሮንዴላውን ሾጣጣ ወንበር ላይ ብታስሩት የጠበቀ ይመስላችኋል፣ የነካው ግን በቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይላላል።

የማጣሪያ ዘዴ ልንገራችሁ። የቸርኬውን የዳዶ ወንበር በማርከር ጥቁር አድርጉት፣ ዳዶውን አስራችሁ መልሳችሁ ፍቱት፣ ከዛ እዩ። ማርከሩ ዙሪያውን ሰፋ ባለ ቀለበት ከተፋቀ ተዋደዋል፣ እንደ ክር በቀጠነ መስመር ወይ ባንድ ጎን ብቻ ከተፋቀ ዳዶው የሱ አይደለም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥርሱም ይለያያል። ቶዮታ፣ ሆንዳና ሃዩንዳይ ባብዛኛው 12 በ1.5 (12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት) ናቸው፣ ኒሳን፣ ሱዙኪና ሱባሩ 12 በ1.25። በእጅ ሁለት ዙር ገብቶ ከከበደ በቁልፍ አትግፉት፣ ጥርሱን ትበሉታላችሁ። ሙሉ በሙሉ ሲገባ ደግሞ ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፣ 12 በ1.5 ላይ 8 ዙር፣ 12 በ1.25 ላይ 10 ዙር ገደማ። አሎይ ከብረት ቸርኬ ስለሚወፍር ይሄን መቁጠር ግድ ነው። ጫፉ የተደፈነ ዳዶ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን እዩ፣ ቡሎኑ ረዝሞ የዳዶውን ጣሪያ ከነካ ቁልፉ ጠበቀ ይላችኋል ቸርኬው ግን አልተጨመቀም።

የአሎይ የዳዶ ጉድጓድ ጠባብ ስለሚሆን ተራ ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ ጭንቅላት) ላይገባ ይችላል ወይ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ግድግዳው ቀጭን የሆነ ቡሶላ አዘጋጁ።

አገጣጠሙ

ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚያስገባውና ባላንስ የሚሠራው ጎሚስታው ነው። ለሱ ሁለት ነገር ንገሩት፣ የባላንስ እርሳሱ (ለማመጣጠን የሚጨመረው ቁራጭ) በጠርዝ የሚነከስ ሳይሆን ከውስጥ የሚለጠፈው ይሁን፣ እና የጎማው አቅጣጫ ቀስት ካለው ግራና ቀኙን ለይቶ ያስገባ። የንፋስ መለኪያ ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ከድሮው ቸርኬ ወደ አዲሱ ይዙር። ከዚ በኋላ ያለውን እናንተ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ ቦታ አቁሙ፣ ፍሬን ማኖ ያዙ፣ በሰያፍ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉለት። ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር ብቻ አላሏቸው፣ ከዛ በክሪክ አንሱና መደገፊያ ስታንድ ከሥር አስገቡ። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ስር እጅ አይገባም፣ ይሄን ቀላል አታድርጉት።

ጎማውን ከማውጣታችሁ በፊት ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። ከላይና ከታች የሚጫወት ከሆነ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ፣ ከግራና ከቀኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ የመሪው ጫፍ ሊሆን ይችላል። በእጅ ስታሽከረክሩት የሚያጉረመርም ድምፅ ካለም የኩሽኔታ ነው። እሱን ሳታስተካክሉ አዲስ ቸርኬ ብታስሩ ጥፋቱን ቸርኬው ላይ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

አሁን ሞዞውን አጽዱ። የሽቦ ብሩሽ ያዙና የሞዞውን ፊት፣ የአንገቷን ዙሪያ፣ በቡሎኖቹ ሥር ያለውን ማዕዘን ጭምር ፈግፍጉት። ዝገት እንደ ቅርፊት ተነስቶ ስትረግጡት የሚሰበር ዓይነት ነው፣ አንድ ቅርፊት ብቻ በቸርኬውና በሞዞው መሃል ከቀረ ቸርኬው በዛ በኩል ይዘማል፣ ሞዞው ላይ የጸጉር ያህል የሆነ መዝመም ጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ነው። ደግሞም ቅርፊቱ ስትነዱ ይፈጭና ዳዶው ይላላል። የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፣ ግራይንደር ግን አታስነኩት፣ ፊቱን ትበሉታላችሁ። ቡሎኖቹ ላይ ፋብሪካ ዲስኩን ለመያዝ ያደረጋቸው ቀጫጭን የቆርቆሮ ቀለበቶች ካሉ አውጧቸው፣ የብረት ቸርኬ ጉድጓድ ስላለው ይደብቃቸው ነበር፣ አሎዩ ግን እነሱ ላይ ይቀመጥና ልጥፍ አይልም።

ጨርቅ ያዙና የቸርኬውንም ጀርባ ጥረጉ። አዲስ ቸርኬ ከሆነ የሚለጠፍበት ፊት ላይ የቀለም ጠብታ ወይ ስቲከር ይኖራል፣ አንሱት።

ቀለበቱን ቸርኬው ጀርባ ላይ አስገቡ፣ በአውራ ጣት ተጭናችሁት መግባት አለበት፣ በመዶሻ ከሆነ ልኩ አይደለም፣ በራሱ የሚወድቅ ከሆነም አይደለም። ከገባ በኋላ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ጀርባው ላይ አጋድሙ፣ ቀለበቱ ከቸርኬው ፊት ከፍ ብሎ ማስመሪያውን የሚያነሳ ከሆነ ቸርኬው ሞዞው ላይ አይለጠፍም፣ አትግጠሙት። የሞዞውን አንገት ብቻ ስስ ግራሶ በጣት አስነኩት፣ ቡሎኑንና የዳዶውን ወንበር ግን አታስነኩ። ደረቅ ቡሎን ላይ የታሰበ የማጥበቂያ ቁጥር ዘይት ባለው ላይ ሲሠራ ቡሎኑን ከልኩ በላይ ይስበዋል።

ቸርኬውን አንሱና አስገቡት። ቀለበቱ አንገቷ ላይ ሲቀመጥ በእጃችሁ ይሰማችኋል፣ አጭር ጠቅ የምትል ነገር፣ ከዛ ወዲህ ወዲያ ብትሉት አይጫወትም። ይሄን ካልሰማችሁ ወደ ዳዶ አትሂዱ፣ አውጥታችሁ እዩ። እንደ ቮልስዋገን ዳዶ ሳይሆን ቡሎኑ ራሱ ሞዞው ውስጥ የሚገባ መኪና ከሆነ ጎማውን ይዞ ቀዳዳ መፈለግ ያደክማል፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ረጅም ቡሎን አንድ ቀዳዳ ላይ አስገብታችሁ ቸርኬውን እሱ ላይ ብታንጠለጥሉ ይቀላል።

ዳዶዎቹን ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ አንዱን አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። በእጅ እስከሚቆም፣ ከዛ በትንሽ ቁልፍ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን አስራችሁ ጎረቤቱን ዘላችሁ ፊት ለፊቱን። ይሄ ሁሉ ጎማው አየር ላይ እያለ ነው፣ መሬት ከነካ በኋላ ከሆነ የመኪናው ክብደት ቸርኬውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በዚ ጊዜ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ፣ አንድ እርሳስ ስታንዱ ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ቸርኬው ከንፈር አስጠጉት፣ ሲዞር ክፍተቱ እኩል መሆን አለበት። ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ከሰፋና ከጠበበ ወይ ቸርኬው ጠማማ ነው ወይ መሃሉን አልያዘም፣ ፈትታችሁ ሌላ ሞዞ ላይ ሞክሩት፣ ችግሩ ከቸርኬው ጋር ከሄደ ቸርኬው ነው፣ እዛው ከቀረ ሞዞው ነው።

ልክ ከሆነ መኪናውን ጎማው መሬት እስኪነካ ብቻ አውርዱና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ፣ መጀመሪያ የልኩን ግማሽ በኮከብ፣ ከዛ ሙሉውን በኮከብ። ቁጥሩን የመኪናችሁ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ሲቪክ 108፣ ጎልፍ 120። ቁልፍ ላይ ቆሞ በእግር መርገጥ፣ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም፣ በአየር መፍቻ እስኪጮህ ማጥበቅ፣ እነዚህ ሁሉ ቡሎን ይስባሉ፣ የዳዶውን ወንበር ይበላሉ፣ ዲስኩንም ሊያጣምሙት ይችላሉ። አየር መፍቻ ለመፍታት ይሁን፣ ለማጥበቅ ግን ቶርክ ቁልፍ። ለቸርኬ የከፈላችሁትን ካሰባችሁት የቶርክ ቁልፍ መግዛት አይከብዳችሁም።

ከገጠማችሁ በኋላ

ቆማችሁ መሪውን ጥግ ድረስ ግራ ቀኝ አዙሩ፣ ጎማው ውስጡን የሚነካው ነገር ካለ እዛው ይታያል። ከኋላ ሰው አስቀምጣችሁ ጎርበጥባጣ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ የመፋቅ ድምፅ አድምጡ። ከዛ ፍጥነት ጨምሩና ከ80 እስከ 110 ባለው ውስጥ መሪውን አዳምጡት። መሪው ከተንቀጠቀጠ ፊት ነው፣ መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ ኋላ ነው፣ ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው እንጂ ቸርኬው አይደለም።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ያ የአላይመንት (የጎማዎቹ ማዕዘን አቀማመጥ) ነው፣ ባላንስ አያድነውም፣ ቀለበትም አያድነውም። ቸርኬ መቀየር ብቻውን የአላይመንቱን ማዕዘን አያበላሽም፣ ግን በፊት ተደብቆ የነበረው በሰፊ ጎማ ይጎላል፣ ስለዚ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎን ተበልቶ ሳያልቅ አንዴ ማስለካቱ አይከፋም።

ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ እንደገና ፈትሹ። አዲስ አሎይ ላይ የዳዶው ወንበርና ቀለሙ ትንሽ ስለሚቀመጥ ሩብ ዙር የሚሄድ ዳዶ ይገኛል። እኔ ባለፈው ስፈትሽ ከሃያው ሁለቱ ሄደዋል። ደግማችሁ ስትፈትሹ ሁለተኛ ጊዜም የሚሄድ ካለ ግን አጥብቃችሁ አትለፉት፣ አውጡና በማርከሩ መርምሩት።

የመጨረሻው፣ ስኮርታችሁ የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ከሆነ የአሎዩ ዳዶ እሱ ላይ ላይሠራ ይችላል። የድሮዎቹን ዳዶዎች አትጣሉ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስኮርታው መሃል ላይ አስቀምጧቸው፣ የአሎዩንም ቀጭን ቡሶላ አብራችሁ።